አውሮፕላኑ ደርሷል፤ ሰውነት ግን ገና መንገድ ላይ ነው

ከዋሽንግተን ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ለመግባት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ጥያቄ ለዘመድ ብታቀርቡ መልሱ ፈጣን ነው። “በረራው 13 ሰዓት፣ መኪናው 6 ሰዓት፤ ጠዋት ቦሌ ካረፈ ማታ እናቱ ቤት ራቱን ይበላል” ይሏችኋል። ስሌቱ ለአውሮፕላኑም ለመኪናውም ትክክል ነው። የተረሳው ተሳፋሪው ነው። በውስጡ ደም የሚዘዋወርበት፣ እንቅልፍ የሚያስፈልገው፣ ምናልባትም ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው እንደ ሻንጣ ከአንዱ ተሽከርካሪ ወደ ሌላው አይዛወርም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ከረጅም በረራ የወረደ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ሳያድር ወደ ጎጃም መንገድ ባይወጣ ይሻላል። ይህን ስል ለሠርግ ወይም ለበዓል የመጣውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ለለቅሶ የመጣውንም ይጨምራል። ምክንያቶቼን በዝርዝር ላቅርብ፤ እናንተም በቤታችሁ ተመካከሩበት።

መጀመሪያ ስለ ርቀቱ እናንሳ። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የቀጥታ በረራ 13 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ወደዚያ የሚሄደው ግን በመካከል አርፎ ነዳጅ ስለሚቀዳ እስከ 17 ሰዓት ይደርሳል። ርቀቱ ያው ሆኖ ሰዓቱ ለምን ይለያያል? አንደኛው ምክንያት ወደ ምዕራብ ሲበሩ ከፊት የሚገጥመው ነፋስ ነው። ዋነኛው ግን የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን እስከዚያ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አርፎ ይቀዳል። ግዙፍ ሞተር ያለው አውሮፕላን እንኳ ለከፍታው እንዲህ ይጠነቀቃል። ሰውም የዚያኑ ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

እግር አውሮፕላንና መኪና አይለይም

ሰው ለረጅም ሰዓት ጉልበቱን አጥፎ ሲቀመጥ በእግሩ ጥልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ዝውውሩ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ከቦታው ተላቅቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም ይፋ ባደረገው ጥናት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው በዚህ ችግር የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አመልክቷል። እዚህ ላይ ማንንም ማስደንገጥ አልሻም። ይኸው ጥናት ችግሩ የሚደርሰው ከ6 ሺህ ተጓዦች በአንዱ ላይ ያህል መሆኑንም ተናግሯል። አብዛኛው ተጓዥ በሰላም ይገባል።

ከጥናቱ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነጥብ ግን አለ። አደጋው የአውሮፕላን ብቻ አይደለም። በመኪና፣ በአውቶቡስና በባቡር ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መጓዝም ያንኑ ያመጣል። ስለዚህ 13 ሰዓት በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያው 6 ሰዓት በመኪና የሚቀመጥ ሰው ለእግሩ ሁለት ጉዞ አላደረገም፤ አንድ የ19 ሰዓት ጉዞ አድርጓል። በመካከሉ አንድ ሌሊት ተጋድሞ ቢያድር፣ ጠዋት ጥቂት ቢራመድ፣ ያ ረጅም ሰንሰለት ይቆረጣል።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው ከዚህ ቀደም ደም የረጋባቸው ወይም በቤተሰባቸው ይህ ችግር ያለ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች፣ የካንሰር ሕሙማን፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱና ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ወገኖች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ግፊት የሚሰጥ ካልሲ ወይም መድኃኒት የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። “ደም ያቀጥናል” ተብሎ በጓደኛ ምክር አስፕሪን መዋጥ፣ በተለይ ጨጓራ ላለበት ሰው፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ለሁሉም የሚሆነው ምክር ቀላል ነው። ተቀምጠው ሳሉ የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ተነስተው በመተላለፊያው ይራመዱ። ጠባብ ልብስ አይልበሱ፤ የእጅ ሻንጣዎን እግርዎን በሚያስቀምጡበት ቦታ አይጎዝጉዙት። ከጉዞ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠ፣ ባትዎን ካመመዎ ወይም ከሞቀ፣ ይልቁንም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎና ደረትዎን ከወጋዎ “የመንገድ ድካም ነው” ብለው አይተኙ። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሄደው፣ ረጅም መንገድ መጓዝዎን ጭምር ይናገሩ። ይህች አንዲት ቃል ሐኪሙን በፍጥነት ወደ ትክክለኛው ምርመራ ትመራዋለች።

በጠዋቱ ፀሐይ ውስጥ ያለው ሌሊት

አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቦሌ አረፈ እንበል። ዘመድ አበባ ይዞ ቆሟል፤ ፀሐይ ወጥታለች። በዚያው ቅጽበት ዋሽንግተን በበጋቸው ወራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የተሳፋሪው አንጎል፣ የሰውነቱ ሙቀት፣ ጨጓራው ሁሉ አሁንም በዚያኛው ሰዓት ነው የሚሠሩት። ሰውነት አዲስ ሰዓት የሚለምደው በቀን የአንድ ሰዓት ልዩነት ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ተለምዶ እስኪያልቅ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ መምጣት ደግሞ ወደ ምዕራብ ከመሄድ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሰውነትን ገና እንቅልፍ ሳይመጣበት ተኛ ማለት ነው።

ይህ ድካም አልጋ ላይ ላለ ሰው ቀላል ነው። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ መሪ ለያዘ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መሪውን የሚይዘው እንግዳው አይደለም፤ ሊቀበል የመጣው ወንድም ወይም ጎረቤት ነው። እርሱስ ተኝቷል? ትናንት ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነድቶ መጥቷል፤ ሌሊቱን “አውሮፕላኑ ይዘገይ ይሆን?” እያለ ሲነቃ ሲተኛ አድሯል፤ ጎህ ሳይቀድ ቦሌ በር ላይ ቆሟል። ተመራማሪዎች ለ17 ሰዓታት ሳይተኛ የቆየን ሰው አፈጻጸም መዝነው፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። ጠጥቶ እንዳይነዳ የምንከለክለውን ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲነዳ “ጎበዝ ነው፣ አይደክመውም” ብለን እናወድሰዋለን።

ጓደኛ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲያጫውተው ማድረግ፣ ቡና ደጋግሞ መጠጣት፣ መስኮት መክፈት፣ ጫት መቃም፣ ከእነዚህ አንዱም እንቅልፍን አይተካም። እንቅልፍን የሚተካው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ለመጣው እንግዳም ምክር አለ። በደረሱበት ቀን ከሰዓት በፊት የሚጫጫንዎ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ይተኙ፤ ከዚያ በፀሐይ ብርሃን ጥቂት ይራመዱና እስከ ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ድረስ ለመቆየት ይሞክሩ። ብርሃን የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክል ዋነኛው ነገር ነው። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። በተለይ ደግሞ ወገን “እስኪ ቅመስ” ብሎ ካቀረበው ጠላና አረቄ ጋር የእንቅልፍ ክኒን አይገናኝ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ትንፋሽን እስከማዳከም ሊደርሱ ይችላሉ።

ሦስት አየር በአንድ ቀን

በበረራ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር የምድር አየር አይደለም። ከ1 ሺህ 800 እስከ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ይመጣጠናል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ የምትገኘው በ2 ሺህ 446 ሜትር ላይ ነው። ከዚህ የምናገኘው እውነት ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስታ ልጇን ልትጠይቅ አሜሪካ የምትሄድ እናት አውሮፕላን ውስጥ የምትተነፍሰው አየር ከቤቷ አየር የሳሳ አይደለም። ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቀው ዋሽንግተን የሚመጣው ልጇ ግን በተቃራኒው ነው። አየሩ በአውሮፕላን ውስጥ ይሳሳበታል፤ ቦሌ ሲወርድም አይመለስለትም፤ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ደግሞ ጥቂት ይብስበታል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው።

ጤነኛ ሰው ይህን የሚያውቀው ደረጃ ሲወጣ ቶሎ በማለክለክ፣ በቀላል ራስ ምታትና በተቆራረጠ እንቅልፍ ነው፤ በጥቂት ቀናትም ይለምደዋል። “ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው” ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ ለዓመታት ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ የኖረ ሰውነት እንደገና መልመድ ይፈልጋል። የልብ ድካም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ወይም ብርቱ የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጤነኛውም ቢሆን በመጣ በማግስቱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወደሚዘልቀው ጮቄ ተራራ ለጉብኝት ከመውጣት ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሥ ይበጀዋል።

በመካከል ደግሞ የዓባይ ሸለቆ አለ። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ መንገዱ ወደ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርድና በድልድዩ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ጆሮ ይደፈናል፤ ደጋ የለበሰው ካፖርት በረሃው ላይ ያልባል፤ ኩርባው ያቅለሸልሻል። ማታ ከአውሮፕላን የወረደ፣ ውኃ ያነሰው ሰውነት እዚህ ላይ ያስታውካል፤ ይበልጥም ይደርቃል። አድሮ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ የወጣ ሰው ግን ያው ሸለቆ መልክዓ ምድሩን እያደነቀ የሚያልፍበት ይሆንለታል።

ስለ ሸለቆው ካነሳን ወባን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ደብረ ማርቆስ ከተማ በከፍታዋ ምክንያት ከወባ በእጅጉ የተጠበቀች ናት። የዓባይ በረሃና ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያሉ ቆላማ ቀበሌዎች ግን እንዲያ አይደሉም። በቀን በመኪና ማለፍ ብዙ አያሰጋም፤ ትንኟ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። ቆላ ወርደው የሚያድሩ ከሆነ ግን አጎበር አይለይዎ፤ ከውጭ የመጡ ከሆነም የወባ መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ሐኪም ይጠይቁ። ለዓመታት ከአገር ርቆ የኖረ ሰው ቀድሞ የነበረውን የመቋቋም አቅም ያጣል። የወባ ምልክት ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ስለሚቆይ፣ ትኩሳቱ የሚነሳው ወደ ውጭ ከተመለሱ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለሚያክምዎ ሐኪም “ኢትዮጵያ፣ ቆላ ውስጥ አድሬ ነበር” ማለትን አይርሱ።

ወደዚያ ለሚሄዱ እናቶችና አባቶች

ጉዞው የአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጅ ለማየት፣ አራስ ለመጠየቅ የሚሄዱ አረጋውያን በርካታ ናቸው። እነርሱን የሚያስቸግራቸው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሌሎች ነገሮች ናቸው።

አንዱ ውኃ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እጅግ ደረቅ ነው። ነገር ግን ብዙ እናቶች የመጸዳጃ ቤቱን በር አከፋፈት ስለማያውቁ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን እንግዳ ሰው ማስነሳትም ስለሚያፍሩ ውኃ አይጠጡም። 17 ሰዓት ሙሉ ተጠምተው፣ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ትኬት ሲቆረጥ በመተላለፊያው በኩል ያለ መቀመጫ ይጠየቅላቸው፤ ተሽከርካሪ ወንበርና ረዳትም አስቀድሞ ይታዘዝላቸው። በጾም ወቅት ከሆነ የጾም ምግብ ቀድሞ ይነገር። ስኳር ወይም ሌላ በሽታ ካለባቸው ደግሞ ስለ ጾሙ ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ከጉዞው በፊት ይነጋገሩ።

ሌላው መድኃኒት ነው። መድኃኒት ሁሉ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይግባ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ ኢንሱሊን ደግሞ በዕቃ መጫኛው ቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። ከሐኪም የተጻፈ ማዘዣ በእንግሊዝኛ አብሮ ይያዝ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ቀኑ በ7 ወይም 8 ሰዓት ስለሚረዝም፣ ሲመለሱም ስለሚያጥር፣ መቼና ስንት መውሰድ እንዳለባቸው ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላቸው።

ሦስተኛው የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 22:30 የሚለው ከምሽቱ 4:30 ማለት ነው። ማክሰኞ 00:30 የሚለው ደግሞ ማክሰኞ ማታ ሳይሆን ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። በዚህ ስሕተት አውሮፕላን ያመለጠው አለ፤ የደም ግፊት ክኒኑን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሚውጥም ይኖራል። ልጆች ሆይ፣ የበረራውንም የመድኃኒቱንም ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ በእጃቸው አስይዟቸው።

ለለቅሶም ቢሆን

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። “ሠርግስ ይቆይ፤ እናቱ ሞታ እንዴት አዲስ አበባ ይደር?” የሚል ሰው ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል። ሐዘን መካፈል የባህላችን አምድ ነው። ግን እውነቱን በርጋታ እንየው። በአገራችን ቀብር ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ነው። መርዶ የተነገረው ሰው ትኬት እስኪያገኝ፣ እስኪበር፣ ቦሌ እስኪወርድ ቀብሩ አልፏል። ያለፈ ቀብር በሌሊት ጉዞ አይመለስም። የሚጠብቀው ለቅሶው ነው፤ ድንኳኑ ነው፤ ሠልስቱና አርባው ነው። እነዚህ ደግሞ አንድ ሌሊት ይታገሣሉ። ቀብሩ ለልጁ ተብሎ የቆየ እንደሆነም ቀኑን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ሲወስን አንዲት የዕረፍት ሌሊት ቢጨምርበት ሟችን አይጎዳም፤ ያለውን ሰው ግን ይጠብቃል።

መርዶውንም እናስብበት። “ታማለች” ተብሎ የተጠራ ሰው እውነቱን ቦሌ በር ላይ ወይም መኪና ውስጥ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ ውኃ ሳይጠጣ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ደም ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ ራሱን ሊስት ይችላል፤ መንገድ ላይ ደግሞ የሚረዳው ጤና ተቋም ቅርብ ላይሆን ይችላል። መርዶ በቤት ውስጥ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ጥቂት እህል ከቀመሰ በኋላ ይነገር። አልቅሶ ይደር። ጠዋት ደህና የተኛ ሾፌር ይዞት ይውጣ፤ የዓባይን በረሃ በቀን ይሻገር።

“ፈቃዴ ሁለት ሳምንት ብቻ ናት፤ አንድ ቀን አላባክንም” ለሚልም መልስ አለ። በድካም የደረሰ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እንግዳ ፊት እያንቀላፋ ነው የሚያሳልፋቸው። አንዷን ሌሊት የቆጠበ ሦስት ቀን ይከፍላል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባል የለም?

ስለዚህ ተቀባዮች ሆይ፣ እንግዳችሁን ስታስቡ የበረራውን ሰዓት ብቻ አትጠይቁ። “የት ያድራል? ሾፌሩስ ተኝቷል?” ብላችሁም ጠይቁ። ተጓዦችም ትኬታችሁን ስትቆርጡ ያችን አንዲት ሌሊት ከጉዞው ጋር አብራችሁ ቁጠሯት። አዲስ አበባ ላይ ያለ ዘመድ አንድ አልጋ አያጣም፤ ደብረ ማርቆስም ለነገ ትደርሳለች። የናፈቀችው እናት የምትፈልገው ልጇ ቶሎ እንዲገባ ሳይሆን ደህና እንዲገባ ነው።

በሰላም ግቡ።